ፊቱን አብርቶ ግድግዳውን መተው፦ ትልቅ ለስላሳ መብራትን በጠባብ ሳሎን ውስጥ የመቆጣጠሪያ መመሪያ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ድራማ የቀረጸ ሰው ይህን ያውቀዋል። እናት ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ 1.8 ሜትር በ1.8 ሜትር የሆነ ነጭ ጨርቅ በፍሬም ተወጥሮ ቆሟል፤ ከጨርቁ ኋላ ኤልኢዲ መብራት በርቷል። ፊቷ ላይ ያረፈው ብርሃን ያምራል፣ ጥላው ከጉንጯ ወደ አገጯ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሞኒተሩን ስታዩ ግን መጀመሪያ ዓይናችሁን የሚይዘው ከኋላዋ ያለው ነጭ ግድግዳ ነው። ስክሪፕቱ ሌሊት ይላል፤ ሳሎኑ ግን ቀትር መስሏል።

ይህን ካሰብንበት ቦታ አልፎ የሚፈስ ብርሃን ቀረጻ ላይ ስፒል እንለዋለን። ከትንሽ መብራት የሚመጣ ስፒል ቀላል ነው፤ የመብራቱን ክንፍ ዘጋ ማድረግ ይበቃል። ትልቅ ለስላሳ ምንጭ ግን በክንፍ አይታዘዝም። ጨርቁ ራሱ መብራት ሆኗልና ከእያንዳንዱ ነጥቡ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ብርሃን ይወጣል። ውበቱም ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል።

እዚህ የማሳያችሁ በዚያው ሳሎን ውስጥ፣ በዚያው 1.8 ሜትር ጨርቅ የሚሠራውን ነው። ስቱዲዮ ውስጥም ሆነ ደጅ ላይ 12 በ12 ጫማ ፍሬም ብትተክሉ መርሁ አይለወጥም።

በቅድሚያ ሂሳቡን አውጡ

ካሜራው የሚያነበው ግድግዳው ላይ ያረፈውን ብርሃን አይደለም፤ ግድግዳው የመለሰውን ነው። ንጹሕ ነጭ ቀለም ካረፈበት ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ጠቆር ያለ ፊት 10 በመቶ ያህል ይመልሳል እንበል። ከ10 ወደ 20፣ ከ20 ወደ 40፣ ከ40 ወደ 80፤ ሦስት ጊዜ እጥፍ ሆነ፣ ማለትም 3 ስቶፕ። ስለዚህ ፊቱና ግድግዳው እኩል ብርሃን ቢያገኙ ግድግዳው ከፊቱ 3 ስቶፕ በልጦ ይወጣል። ግድግዳው ከፊቱ 1 ስቶፕ ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ከፈለጋችሁ፣ የሚያርፍበት ብርሃን ፊቱ ከሚያገኘው በ4 ስቶፕ ማነስ አለበት። የሚያርፈውን ብርሃን በምንለካበት በሉክስ ስናወራ፣ ፊቱ 800 ሉክስ ካገኘ ግድግዳው ከ50 ሉክስ መብለጥ የለበትም።

ይህችን ሂሳብ ደጋግሜ የማነሳው በምክንያት ነው። ነጣ ያለ፣ 35 በመቶ ያህል ብርሃን የሚመልስ ፊት ከዚያው ነጭ ግድግዳ ፊት ሲቀመጥ ልዩነቱ 1 ስቶፕ ከትንሽ በላይ ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ፊት የተሠራ ትምህርት አይታችሁ፣ ያንኑ አደራደር ለጠይም ተዋናይ ብትገለብጡት ግድግዳው ከልክ በላይ ነጥቶ ይወጣል። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን የምናደርገው ስህተት ግድግዳውን ለማዳን ብለን አይሪሱን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ መዝጋት ነው። ግድግዳው ይድናል፣ ፊቷ ግን ይጠፋል። ለግድግዳ ተብሎ የተዋናይ ፊት መስዋዕት መሆን የለበትም፤ መቀነስ ያለበት ግድግዳው ላይ የሚደርሰው ብርሃን ነው።

እንግዲህ የምንፈልገው 4 ስቶፕ ነው። ቀጥሎ ያለው ሥራ ሁሉ ያን 4 ስቶፕ ከየት ከየት እንደምንሰበስብ ነው።

ግድግዳው ጋ ሄዳችሁ ቁሙ

ሥራውን ስጀምር አንድ አንጋፋ የመብራት ባለሙያ ፍላግ (ብርሃን መከለያ ጥቁር ጨርቅ) ይዤ ከስታንድ ስታንድ ስሮጥ አይቶ አስቆመኝ። ግድግዳውን ተደግፌ እንድቆምና ወደ መብራቱ እንዳይ አደረገኝ። ጨርቁ ሙሉ በሙሉ ይታየኛል። ከጨርቁ ጎን ደግሞ የመብራቱ አፍ ራሱ ይታየኛል። ከበላዩ ያለው ኮርኒስ እንደ ሁለተኛ መብራት ቦግ ብሏል። እነዚህን ሁሉ ካሜራው ጋ ቆሜ አላየኋቸውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፍላግ ከማንሳቴ በፊት ሁልጊዜ የማደርገው ይህንኑ ነው። ዓይናችሁን ብርሃን እንዲደርስበት በማትፈልጉት ቦታ ላይ አድርጉና ወደ ኋላ ተመልከቱ። ከዚያ ሆናችሁ የሚታያችሁ የሚያበራ ነገር በሙሉ ያን ቦታ እያበራው ነው። ጨርቁ ግማሹ ከታያችሁ ግማሹ እየደረሰ ነው። ምንም ካልታያችሁ ቀጥታ ብርሃን የለም ማለት ነው። ዓይናችሁ መድረስ ካልቻለ፣ ለምሳሌ ከቁም ሳጥኑ በላይ ያለው ግድግዳ ከሆነ፣ ስልካችሁን እዚያ አስጠግታችሁ በራስ ፎቶ ካሜራው እዩት።

እንዲህ ስትመለከቱ ስፒሉ ከሦስት ቦታ እንደሚመጣ ትለያላችሁ። አንደኛው ከጨርቁ ፊት በቀጥታ የሚመጣው ነው። ሁለተኛው በመብራቱና በጨርቁ መካከል ባለው ክፍተት ሾልኮ የሚወጣው ነው። ሦስተኛው ወለሉን፣ ኮርኒሱን፣ ሌላውን ግድግዳ መትቶ የሚመለሰው ነው። የሦስቱም መድኃኒት የተለያየ ነው፤ ሳይለዩ ጥቁር ጨርቅ መስቀል ጊዜ ይበላል፣ ሳሎኑን ይሞላል፣ ግድግዳው ግን እንዳበራ ይቀራል።

ሦስተኛውን ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። ላይት ሜትር ወይም የሉክስ መለኪያ ግድግዳው ላይ አስደግፉና አንብቡ። 120 አለ እንበል። አሁን አንድ ረዳት ጥቁር ጨርቅ ይዞ በመብራቱና በመለኪያው መካከል ይቁም፤ ብርሃኑን የሚያለሰልሰው ነጩ ጨርቅ (ዲፊዩዥኑ) ከመለኪያው ሙሉ በሙሉ ይሰወር። መለኪያው 70 ላይ ቆመ እንበል። ያ 70 ከክፍሉ ተመልሶ የመጣ ነው። የምትፈልጉት 50 ከሆነ፣ ጨርቁ ፊት ምንም ያህል ፍላግ ብትደረድሩ 50 አትደርሱም። መጀመሪያ ወለሉንና ኮርኒሱን መያዝ አለባችሁ። ይህችን ፈተና ማድረግ ግማሽ ደቂቃ አይወስድም፣ ቀኑን ሙሉ ከሚያደክም ግምት ግን ታድናለች።

ርቀትና ማዕዘን፦ ያለ ምንም ዕቃ የሚገኝ ስቶፕ

ፍላግ ከማንሳታችሁ በፊት ተዋናይዋን ከግድግዳው አርቁ፣ መብራቱን ወደ እሷ አስጠጉ። ይህ ምክር ተደጋግሞ ይነገራል፤ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ግን በቁጥር ሲታይ ነው የሚገባው። ለ1.8 ሜትር ጨርቅ፣ መብራቱ ቀጥታ ወደ ግድግዳው እያየ ነው ብለን እናስላ።

ተዋናይዋ ከግድግዳው 1.5 ሜትር፣ ጨርቁ ከእሷ 3 ሜትር ሲርቅ ግድግዳው ፊቷ ከሚያገኘው በ1 ስቶፕ ገደማ ያነሰ ብርሃን ያገኛል። ጨርቁን ወደ 1.5 ሜትር ብታስጠጉት ልዩነቱ 1.6 ስቶፕ ይሆናል። በእሷና በጨርቁ መካከል ያለውን 1.5 ሜትር ሳትለውጡ ሶፋውን ወደ ፊት ብትጎትቱና ተዋናይዋ ከግድግዳው 3 ሜትር ብትርቅ 2.7 ስቶፕ ደረሰ ማለት ነው። ሶፋ መግፋት ከሁሉም ይበልጣል! አርት ዲፓርትመንቱ ሶፋውን ግድግዳ አስጠግቶ ካስቀመጠው፣ ከመቀረጹ በፊት በትህትና ተነጋገሩ። ካሜራው ፊት ለፊት ሲያይ ሶፋው ከግድግዳው መራቁ እምብዛም አያስታውቅም።

ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ብርሃን በ2 ስቶፕ ይቀንሳል የሚለው ሕግ ትንሽ ምንጭን የሚመለከት ነው። ትልቅ ጨርቅ አጠገብ ስትሆኑ ቅነሳው ከዚያ ያንሳል፤ ከላይ ያሉት ቁጥሮች ያን ታሳቢ ያደረጉ ናቸው። የምንጩን ስፋት አምስት እጥፍ ያህል ስትርቁ ብቻ ነው ሕጉ በትክክል የሚሠራው፤ ለእኛ ጨርቅ ያ 9 ሜትር ነው፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚታሰብ አይደለም።

ማዕዘኑ ደግሞ አለ። ጠፍጣፋ ጨርቅ ከፊቱ ወዳለው ግማሽ ዓለም በሙሉ ያበራል፤ ከጀርባው ወዳለው ግን ይህ ፊቱ አያበራም። ስለዚህ ፍሬሙን አዙሩት። ጨርቁ ከተዋናይዋ ጎን ሆኖ፣ ፊቱ ከኋላዋ ካለው ግድግዳ ትንሽ ወደ ካሜራው ዞር እስኪል ድረስ ቀስ እያላችሁ አዙሩ፤ አንድ ሰው ግድግዳው ጋ ቆሞ ይመልከት። ጨርቁ ለእሱ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ የፍሬሙ ብረት ብቻ ሲታየው አቁሙ። ተዋናይዋን አሁን የሚያገኛት የጨርቁ የጎን ብርሃን ነው፤ የተወሰነ ኃይል ይቀንሳል፣ መብራቱን ከፍ በማድረግ ይካሳል። ግድግዳው ግን ቀጥታ ብርሃኑን አጣ። ዞር ያለው ብርሃን አሁን ካሜራው ወዳለበት በኩል ስለሚሄድ ሌንሱን ጥላ ውስጥ ማስገባት አትርሱ፤ እጃችሁን ከሌንሱ በላይ ዘርጉና ሞኒተሩ ላይ ጥቁሩ ከጠለቀ እዚያ ፍላግ ያስፈልጋል።

ሌላው የጠባብ ቤት ጸጋ በር ነው። ጨርቁን ኮሪደሩ ውስጥ ወይም በረንዳው ላይ አቁማችሁ በበሩ ብርሃኑን ብታስገቡ፣ የበሩ መቃን ራሱ ሁለት የጎን ፍላግና አንድ የላይ ፍላግ ይሆንላችኋል። መብራቱም ስታንዱም ከሳሎኑ ወጡ፣ ለተዋናዮቹ መተንፈሻ ተገኘ። እኔ ቦታ ለመምረጥ ስሄድ ከክፍሉ ስፋት በፊት በሮቹ ከየት ወደየት እንደሚከፈቱ ነው የማየው።

ከጀርባ የሚሾልከውን ዝጉ

መብራቱ ከጨርቁ ኋላ 1 ሜትር ወይም 1.5 ሜትር ርቆ ይቆማል። ጨረሩ ከጨርቁ ጠርዝ ካለፈ ኮርኒሱንና የጎን ግድግዳውን ይመታል። መጀመሪያ የመብራቱን ጨረር አጥብቡ፦ ሪፍሌክተሩን ቀይሩ ወይም መብራቱን አስጠጉ፣ ብርሃኑ ጨርቁን ሞልቶ ጠርዙ ላይ እንዲያበቃ። በጣም ካጠበባችሁት ጨርቁ መሐል ላይ ትኩስ ክብ ይፈጠራል፤ ያኔ ምንጫችሁ 1.8 ሜትር መሆኑ ቀርቶ የዚያ ክብ መጠን ብቻ ይሆናል። ሞኒተሩን ሳይሆን ጨርቁን ራሱን በስልክ፣ ኤክስፖዠሩን አውርዳችሁ ብታዩት ክቡ ፍንትው ብሎ ይታያል።

ከዚያ ከመብራቱ እስከ ፍሬሙ በላይና በሁለቱ ጎን ጥቁር ጨርቅ ጣሉ፤ ድንኳን መሰለ። ጨርቁን በልብስ መቆንጠጫ ፍሬሙ ላይ ያዙት፣ በመብራቱ በኩል በስታንድ ከፍ አድርጉት።

እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ለቀረጻ ተብሎ የሚሸጠው ዱቬቲን የተባለው ጥቁር ጨርቅ እሳት ቶሎ እንዳይይዘው የታከመ ነው። ከመርካቶ የገዛነው ጥቁር ጨርቅ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ኤልኢዲም ቢሆን የአየር ማስወጫው ከተዘጋ ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል፤ ማራገቢያው ባለበት በኩል ድንኳኑን ክፍት ተዉት። በጣም የሚግለው ባለ ክር አምፖል፣ ታንግስተን መብራት ከሆነ ግን ተራ ጨርቅ አጠገቡ አታድርሱ። በታንግስተን ዙሪያ መዝጋት ካስፈለገ ጥቁሩን የአልሙኒየም ፎይል ተጠቀሙ፣ እሱንም አየር ማስወጫውን ሳትሸፍኑ።

ግሪድ፦ ከሁሉም የሚበልጠው ዕቃ

ጨርቁ ፊት ላይ የሚታሰረው የማር እንጀራ የመሰለው ጥቁር መረብ ግሪድ ነው። ፊት ለፊት ላለ ሰው ብርሃኑን ያሳልፋል፣ ከጎን ላለ ሰው ይዘጋል። ግድግዳው ጋ ቆማችሁ ብታዩት ጨርቁ እንዳለ ጥቁር ሆኖ ይታያችኋል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ተዋናይዋ ስትጠጉ ደግሞ ቀስ በቀስ ይበራል። የመጀመሪያ ቀን ስታዩት እንደ አስማት ነው።

ግሪዶች 30፣ 40፣ 50 ዲግሪ እየተባሉ ይሸጣሉ፤ አምራቾች ዲግሪውን የሚለኩበት መንገድ ግን አንድ ስላልሆነ እኔ የምተማመነው በሜትር ነው። የአንዷን ቀዳዳ ስፋትና ጥልቀት ለኩ። ስፋቱን ለጥልቀቱ አካፍሉ። ስፋቷ 10፣ ጥልቀቷ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግማሽ ነው፤ ይህ ማለት ብርሃኑ በየ1 ሜትር ርቀቱ ከጠርዙ ወደ ጎን 50 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሰፋል። በ2 ሜትር 1 ሜትር፣ በ3 ሜትር 1.5 ሜትር። ከዚያ ውጭ ቀጥታ ብርሃን የለም። በዚህ ስሌት ፍሬሙን የት ብታቆሙ ግድግዳው እንደሚተርፍ ገና ሳትተክሉት ወለሉ ላይ በፕላስተር መሳል ትችላላችሁ።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተውን ልንገራችሁ። ግሪድ ስፒል ብቻ አይደለም የሚቆርጠው፤ ብርሃኑንም ያጠነክራል። ተዋናይዋ ጠባብ ግሪድ አጠገብ ስትሆን ጨርቁን በሙሉ አታየውም፤ ከፊት ለፊቷ ያለውን ቁራጭ ብቻ ነው የምታየው። የግሪዱ ቀዳዳ ስፋት ከጥልቀቱ ሲሶ ቢሆንና እሷ 1.5 ሜትር ላይ ብትቀመጥ፣ የሚታያት 1 ሜትር የሚሆን ክብ ነው። በ1.8 ሜትር ጨርቅ የጀመርነው ሥራ በ1 ሜትር ሶፍት ቦክስ የተሠራ ያህል ሆነ ማለት ነው። የአፍንጫዋ ጥላ ጠርዙ ስለታም ሲሆን ይታያችኋል። ስለዚህ ጠባቡን ግሪድ ለሩቅ፣ ሰፊውን ለቅርብ ያዙ። ሁለት ግሪድ የመግዛት አቅም ከሌለ ሰፊውን ግዙ፤ የቀረውን በፍላግ ትጨርሱታላችሁ።

ኃይሉም ይቀንሳል፤ ቢያንስ 1 ስቶፕ ጠብቁ፣ ጠባብ ሲሆን ከዚያም በላይ። መብራታችሁ ቀድሞውኑ በ100 በመቶ እየሠራ ከሆነ ግሪዱ ከመምጣቱ በፊት አስቡበት።

መወጠሩ ወሳኝ ነው። የረገበ ግሪድ ቀዳዳዎቹ ይጣመማሉ፣ በአንድ በኩል ይከፈታሉ፣ ስፒሉ በዚያ ይፈስሳል። ዶፕቾይስ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚሠራው ስናፕ ግሪድ የተወደደው በዚህ ምክንያት ነው፤ የራሱ ፍሬም ስላለው ከከረጢቱ ሲወጣ ተፈናጥሮ ራሱን ይወጥራል።

ገንዘቡ ከሌለ ሥሩት። ለ1.2 ሜትር በ1.2 ሜትር ፍሬም፣ 1.2 ሜትር ርዝመትና 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 26 የካርቶን ቁራጮች ቁረጡ፦ 13 አግድም፣ 13 ቁልቁል። እያንዳንዱ ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ እስከ ወገቡ፣ ማለትም 7.5 ሳንቲ ሜትር ድረስ ስንጥቅ አውጡና እርስ በርስ አጣምሯቸው። የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ቀቡት፤ ካርቶኑ ቡናማ ሆኖ ከቀረ ግድግዳዎቹ ራሳቸው ብርሃን እየመለሱ ግሪዱን ከንቱ ያደርጉታል፣ ብርሃኑንም ያሞቁታል። ይህ ግሪድ በየ1 ሜትሩ 67 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ያሰፋል፤ በቀዳዳዎቹ ሰያፍ አቅጣጫ ደግሞ ትንሽ ይበልጣል። ለኤልኢዲ ብቻ ነው፤ ለሚግል መብራት ካርቶን የለም።

ፍላግ፦ የት እንደሚቆም ማወቅ

ግሪድ የማይጨርሰውን ፍላግ ይጨርሰዋል። ጥያቄው ስንት ፍላግ ይኑር አይደለም፤ ከጨርቁ ምን ያህል ይራቅ ነው። ከትልቅ ምንጭ የሚመጣ ጥላ ጠርዙ ሰፊ ነው፤ ስፋቱን እንዲህ ታወጣላችሁ፦ የምንጩ ስፋት ሲባዛ ከፍላጉ እስከ ግድግዳው ባለው ርቀት፣ ሲካፈል ከምንጩ እስከ ፍላጉ ባለው ርቀት።

ጨርቁ 1.8 ሜትር፣ ከጨርቁ እስከ ግድግዳው 4 ሜትር እንበል። ፍላጉን ከጨርቁ 1 ሜትር ላይ ብታቆሙት የጥላው ጠርዝ 5.4 ሜትር ነው፤ ከግድግዳው ስፋት ይበልጣል። የተቆረጠ ነገር አይታይም፣ ግድግዳው እንዳለ ትንሽ ይደበዝዛል እንጂ። ያንኑ ፍላግ ወደ ግድግዳው ወስዳችሁ 3 ሜትር ላይ ብታቆሙት ጠርዙ 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አሁን ጥላው ይታያል፣ ከየት እንደሚጀምር መወሰን ትችላላችሁ።

ሁለቱም ጥቅም አላቸው። ግድግዳው ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ እንዲጨልም ስፈልግ ፍላጉን ከጨርቁ አጠገብ፣ ከበላዩ እሰቅለዋለሁ፤ ዓይን ከኮርኒሱ ሸሽቶ ወደ ፊቷ ይወርዳል። ከኋላዋ ያለው የተሰቀለ የቤተሰብ ፎቶ ላይ ብርሃን እንዳያርፍ ስፈልግ ግን ፍላጉን ካሜራው እይታ ውስጥ ሳይገባ እስከሚፈቀድልኝ ድረስ ወደ ግድግዳው አስጠጋለሁ። ፍላጉን የያዘውን ስታንድ በአሸዋ ከረጢት ሳትጭኑ አትሂዱ፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው በስታንድ አጠገብ ነው የሚያልፈው።

ከታች የሚቆመውን ፍላግ ሰዎች ይረሱታል። እናትየዋ ነጭ ነጠላ ለብሳ ከሆነ፣ ነጠላው ከፊቷ በላይ ያበራና ዓይንን ይሰርቃል። ከጨርቁ በታችኛው ጠርዝ በኩል አንድ ፍላግ አግድም አስገቡና ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉት፤ ነጠላው ግማሽ ስቶፕ፣ 1 ስቶፕ ሲወርድ ፊቷ ሳይነካ አቁሙ። ጥልፉ ያኔ ይታያል። የለበሰችውን የአገር ልብስ ጥበብ ካሜራው ላይ ማቃጠል ያሳዝናል፤ ይህን ፍላግ አትለፉት።

ክፍሉ ራሱ መብራት ሲሆን

ወለሉ ነጣ ያለ ሴራሚክ ከሆነ የፈተናችሁ 70 ሉክስ አብዛኛው ከዚያ ነው። ከካሜራው እይታ ውጭ ያለውን ወለል በሙሉ በጥቁር ጨርቅ ወይም በጠቆረ ምንጣፍ ሸፍኑት፣ መጀመሪያ ጨርቁ ሥር ያለውን። ሰው እንዳይጠልፈው ጠርዙን በፕላስተር ያዙት። ኮርኒሱን ለመሸፈን ከጨርቁ በላይ ካለው ክፍል ጀምሩ፤ ሁሉንም መሸፈን አያስፈልግም።

በተዋናይዋ የጥላ በኩል ያለው ነጭ ግድግዳም ያልጠራነው መብራት ነው። ከዚያ በኩል ከካሜራው እይታ ውጭ፣ ወደ ፊቷ በተቻለ መጠን አስጠግታችሁ ጥቁር ጨርቅ አቁሙ። ጉንጯ መልክ ይይዛል። የግድግዳው ቀለም ሮዝ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው፤ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን የቀለሙን መልክ ይዞ ፊቷ ላይ ያርፋል፣ በኋላ በቀለም እርማት (ከለር) ላይ ለማስተካከል ያስቸግራል። ካሜራው አጠገብ የሚቆም ሰው ነጭ ሸሚዝ ባይለብስም እመርጣለሁ።

ጥቁር ጨርቅ ሁሉ አንድ አይደለም። የሚያብለጨልጨው ፖሊስተር በጎን ሲታይ ይመልሳል። ሱቅ ስትገቡ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ጨርቁን በሰያፍ እዩት፦ ግራጫ ሆኖ ካበራ ተዉት። ጥቁር ከፋይ ብርሃኑን ውጦ ያስቀራል፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ዓመታት ያገለግላል። ለዲፊዩዥኑ ደግሞ አቡጀዲ ከማንም አያንስም። ብርሃኑን ትንሽ ሞቅ ያደርገዋል፣ ለጠይም ፊት ይስማማል፤ ኃይል ግን ይበላልና ስስ የሆነውን ምረጡ።

ለቅርብ ሾት እንደገና ጀምሩ

ሰፊው ሾት ካለቀ በኋላ ካሜራው ሲጠጋ፣ ለሰፊው የተደራደረውን እንዳለ አትተዉት። የካሜራው እይታ ጠብቧልና ጨርቁ ወደ 1 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ሲጠጋ የመብራቱን ኃይል አውርዱ፤ ፊቷ ያው 800 ሉክስ ሲሆን ግድግዳው በራሱ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ እንዲያውም በሰፊው ሾት ላይ ከነበረው በላይ ስለሚጨልም በትንሽ መብራት መልሼ አነሳዋለሁ፤ ሁለቱ ሾቶች ሲያያዙ ግድግዳው ከአንዱ ወደ አንዱ መዝለል የለበትም። ጠባብ ግሪድ ታስሮ ከነበረም በሰፊው ለውጡት፤ ምክንያቱን ከላይ አይተነዋል።

ደጅ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ነፋስን አስቡ። 12 በ12 ጫማ ፍሬም ከ13 ካሬ ሜትር በላይ ነው፤ ግሪድ ሲጨመርበት ክብደቱም ይጨምራል። በአራቱም ማዕዘን በገመድ ይታሰር፣ ስታንዶቹ በአሸዋ ይጫኑ፣ አጠገቡ የሚቆም ሰው ይመደብ። ነፋሱ ሲበረታ ጨርቁን አውርዱ፤ ዳይሬክተሩ አንድ ቴክ ብቻ ቢልም አውርዱ።

ሳሎኑ ውስጥ ግን ቀኑ ሲያልቅ ሳትነቅሉ በፊት የሚከተለውን አድርጉ። የእያንዳንዱን ስታንድ እግር ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ የጨርቁን ከፍታና ከሶፋው ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ፤ የፊቷንና የግድግዳውን ሉክስ፣ የመብራቱን በመቶኛ ጻፉ። ከዚያ ግድግዳው ጋ ቆማችሁ ወደ መብራቱ አንድ ፎቶ አንሱ። ነገ የልጇን ሾት ከተቃራኒው በኩል ስትቀርጹ፣ አደራደሩን በትክክል መልሳችሁ ለመትከል ከሁሉም በላይ የሚረዳችሁ ያ ፎቶ ነው።